በታላቅየዋ ስም የመጣው መድኃኒት

ልብስ ሰፊዋ የተገኙት በቤታቸው ደፍ ላይ ነው፤ ግማሽ አካላቸው ከውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ። ሱቁን ሊከፍት በማለዳ የወጣው ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ ሲያያቸው ከገመድ የወደቀ ልብስ መስሎት አልፎ ነበር። ትንሽ እንደ ሄደ ልቡ አላስችል ብሎት ተመለሰ። ፊታቸው አብጧል፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ቀኝ እጃቸው የቤቱን ቁልፍ ጨብጧል። በእሱ ጩኸት ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። በጣቢያው ስሙን የሚጠራው የለም፤ ትልቁም ትንሹም “ቀስ በሉ” ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። ያን ዕለትም ሬሳውን ሊያነሱ ለተጣደፉት የመጀመሪያ ቃሉ እሱው ሆነ።

“ቀስ በሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።”

ከኋላው የገባችው ሳጅን ፈገግታዋን ዋጠችው። ገና ወጣት ናት፤ ዓይኗ ፈጣን፣ ምላሷ ደግሞ ከዓይኗ የሚቀድም።

የፊት ለፊቱ ክፍል ጠባብ ነው። የልብስ ስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ቆሟል፤ አንድ እጅጌው ያልተገጠመለት የተማሪ ሸሚዝ መርፌው ሥር እንዳለ ቀርቷል፣ አቧራም ጠጥቷል። አልጋው ተተረማምሷል። ብርጭቆ ተሰብሮ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሷል። ከራስጌው በርጩማ ላይ የመድኃኒት ፓኮ አለ፤ ከውስጡ አንዲት ካፕሱል ብቻ ጎድላለች።

ሳጅኗ በጓንት አነሳችው። “ኢንስፔክተር፣ እዚህ ላይ የተጻፈው ስም የሟቿ አይደለም። የታላቅ እህታቸው ነው።”

ታላቅ እህትየዋ ጓዳ ካለችው ክፍል አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የግራውን ጫማ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አጥልቀዋል፤ ማንም አልነገራቸውም። ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ፣

“እማማ፣ ሌሊት ምንም ድምፅ አልሰሙም?” አላቸው።

“የልብ መድኃኒቴ ያስተኛኛል። አንዴ ከተኛሁ ሬሳ ነኝ።” ቃሉ ካፋቸው ከወጣ በኋላ ደነገጡና አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ።

“በርጩማው ላይ ያለው መድኃኒት የማን ነው?”

“የኔ ነው። ስሜ ተጽፎበት የለም? ደረቴን አሞኝ ሐኪም ያዘዘልኝ ነው። እሷ ዓይኗ ደክሟል፤ የራሷን የራስ ምታት ክኒን መስሏት ነው የወሰደችው።” ይህን ሁሉ ሳይጠየቁ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። ከዚያ ቀና ብለው አዩት። “ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ አገናኝ ነበርኩ። ሰው ገና ሃሎ ሲል ይዋሽ አይዋሽ አውቃለሁ። እርስዎ ደግሞ አላመኑኝም።”

“እኔ ማንንም ቶሎ አላምንም እማማ። ሥራዬ ሆኖ ነው።”

ጫማቸውን ዝቅ ብሎ አስተካከለላቸውና ወጣ።

*

ፀጉር አስተካካዩ ለፖሊስ ቃል መስጠት የሚወድ ሰው ነው። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ሳሙና ተቀብቶ እየጠበቀ እሱ ምላጩን ይዞ ያወራል።

“እህትማማቾቹ ከአንድ ቂጣ ተቆርሰው የወጡ ናቸው። ከኋላ ሲያዩአቸው ማን ማን እንደ ሆነች አይለይም። ታላቅየዋ የመንግሥት ጡረተኛ ናት፤ ታናሽየዋ ስፌቷን ስትሰፋ ነው ያረጀችው። ሰሞኑን ግን የመኪናዋ ድምፅ ጠፍቶብኝ ነበር፤ በግድግዳው የሚሰማኝ ሳል ብቻ ነው።”

“ጠላት ነበራቸው?”

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሳሙና የተቀባው ደንበኛ ጆሮውን ጣለ።

“ጠላት እንኳ... የወንድማቸው ልጅ አለ፤ ታክሲ ነጂው። ጓሮ ካለችው ክፍል ነው የሚኖረው። ቤቱን ሽጡ እያለ ያስጨንቃቸዋል። ባለፈው ‘ሁለታችሁም እስክትሞቱ ልጠብቅ?’ ብሎ ሲጮህ በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ትናንት ማታም የመድኃኒት ፌስታል ይዞ ሲገባ አይቼዋለሁ።”

ሳጅኗ ኢንስፔክተሩን በክርኗ ነካችው። እሱ ግን ምላጩን እያየ ነበር። “ሰውዬውን ላጨው እንጂ፣ ሳሙናው ደረቀበት” አለና ወጣ።

መንገድ ላይ እናቱ ደወለች። ዕድሜዋን ሙሉ አትክልት ቸርችራ ያሳደገችው እናቱ ናት፤ አሁን ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል።

“ያን የጤና መድን ነገር ጠየቅህልኝ ልጄ?”

“ነገ እማዬ።”

“ነገህ አያልቅ። በል ሥራህን ሥራ” ብላ ዘጋችው።

*

የወንድም ልጁ እንባውን እየዋጠ ነበር ለጥያቄ የተቀመጠው። ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ የቆሰለ ሰው።

“መድኃኒቱን ያመጣኸው አንተ ነህ?”

“አዎ። ትልቋ አክስቴ ማዘዣውንና የመድን ካርዷን ሰጠችኝ፣ ከመድኃኒት ቤት ተቀብዬ መጣሁ። ለትልቋ ሰጥቼ ወጣሁ።”

“ወዴት?”

“ወደ ሥራ። ታክሲ ስነዳ ነው ያደርኩት።”

“ቤቱስ? ‘ሁለታችሁም እስክትሞቱ ልጠብቅ’ ያልከው?”

ፊቱ ደም ለበሰ። “እንደዚያ አይደለም! ቤቱን ሸጠን አነስ ያለ እንከራይ፣ በተረፈው ይታከሙ ነው ያልኩት። አዲሱን የትልቋን የልብ መድኃኒት መድኑ አይሸፍነውም። ሳይታከሙ እስኪሞቱ ልጠብቅ ወይ ነው ያልኩት። ጎረቤት የሰማው ጫፉን ነው።”

አፉ ያምራል ስትል ሳጅኗ አጉረመረመች። ከሰዓት በኋላ ታክሲዋ ታድርበት ወደ ነበረው ጋራዥ ሄዳ ስትመለስ ዓይኗ በርቶ ነበር።

“ታክሲ ስነዳ አደርኩ ብሎ የለ? ምን ታክሲ! መኪናዋን ከሸጣት ቆይቷል። ዋሽቶናል።”

ዋሸ፣ መድኃኒቱንም አመጣ፣ ቤቱንም ይፈልጋል። አዛዡ ይህን ሲሰማ ሰውዬው በዚያው እንዲታሰር አዘዘ፤ ፋይሉም ቶሎ ተጠናቅቆ ለዐቃቤ ሕግ እንዲተላለፍ። “ቀስ በሉ የምትለዋን ዛሬ ተዋት” አለው ለኢንስፔክተሩ።

የእስረኛው ውሸት እስኪመሽ እንኳ አልቆየም። ሌሊት ሌሊት በአንድ የዕቃ መጋዘን ጆንያ እንደሚሸከም አመነ። አለቃውን ጠይቀው አረጋገጡ፤ ያን ሌሊትም እዚያው ነበር። ታክሲዋን ሽጦ የአክስቱን የልብ መድኃኒት ገዝቶባታል፤ አክስቶቹ ግን ‘ባለመኪናው ልጃችን’ እያሉ ስለሚኮሩበት እውነቱን መናገር ተናነቀው።

“ሌሊት የትም ቢሆን ለውጥ የለውም” አለች ሳጅኗ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም። “መርዙን ካፕሱሉ ውስጥ አድርጎት ከሄደ የግድ እዚያ መቆም የለበትም። ታላቅየዋን ሊገድል አስቦ፣ ታናሽየዋ ተሳስታ ዋጠችው።”

“መርዝ ካለ” አለ ኢንስፔክተሩ።

*

መርዝ አልነበረም። የአስከሬን ምርመራው ሐኪም እጁን እየታጠበ ነበር የነገራቸው። ረጅም፣ ጎባጣ፣ ቀልድ የሚመስል ነገር ሲናገር እንኳ የማይስቅ ሰው ነው።

“የቀሩት ካፕሱሎች ፓኮው ላይ የተጻፈውን መድኃኒት እንጂ ሌላ አልያዙም። ጤነኛ መድኃኒት ነው፤ የፔኒሲሊን ዘመድ። ሴትዮዋን የገደላቸው የገዛ ሰውነታቸው ነው። ለሌላው ፈውስ የሆነው ለእሳቸው አለርጂ ነበር። ጉሮሯቸው አብጦ ተዘጋ። አየር ፍለጋ ወይም እርዳታ ፍለጋ በሩን እስኪከፍቱ ደርሰዋል፤ ከዚያ አላለፉም።”

በሩን የከፈተው ሌባም ገዳይም አይደለም ማለት ነው። ኢንስፔክተሩ በእጃቸው የጨበጡትን ቁልፍ አስታወሰ።

“አንድ ነገር ልጨምር?” አለ ሐኪሙ። “ሳንባቸው ክፉኛ ታሟል። ይህ መድኃኒት በትክክል ለሳቸው ዓይነት ሕመም የሚታዘዝ ነበር። አለርጂው ባይኖር ያድናቸው ነበር።”

ውጭ እንደ ወጡ ሳጅኗ ቆመች። “አለርጂዋን የሚያውቅ ሰው ሆን ብሎ ሰጥቷታል። ልጁ ላያውቅ ይችላል። አብራት ያደገችው እህቷ ግን...” ሐሳቧን ሳትጨርስ ተወችው። “ፓኮውን የተቀበለችው እሷ ናት።”

ኢንስፔክተሩ ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። ታላቅየዋ ደረቴን አሞኝ ነው ሲሉ በሙሉ አፋቸው ነበር። ያን ሁሉ ሲነጋገሩ ግን አንዴም እንኳ አልሳሉም።

*

ወደ ጤና መድን ቢሮው የሄዱት የሳጅኗን ጥርጣሬ ለማጣራት ነው፤ እህት ስትሞት ለእህት የሚከፈል ነገር ይኖር እንደሆነ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋን በሶፍት ይዛለች።

“እኛ ሰው ሲታመም እንጂ ሲሞት አንከፍልም” አለች። “ተሳስታችኋል። የሕይወት መድን ሌላ፣ የጤና መድን ሌላ። ካርዱ የሚያሳክመው አባሏን፣ ባል ካላት ባሏንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቿን ነው። እህት አይጨምርም።”

“እህት በአባሏ ካርድ ብትታከምስ?”

“ማጭበርበር ነዋ! ካርዱን ያዋሰችው ከአባልነት ትሰረዛለች። የልብ ሕመምተኛ ከሆነች ደግሞ በሯን ዘግታ ማልቀስ ነው እንግዲህ።” አነጠሰች። “ሟቿ ጡረታ ነበራቸው?”

“የላቸውም። ልብስ ሰፊ ነበሩ።”

“ታዲያ ለምን በራሳቸው ስም አልተመዘገቡም? ጡረታ የሌለው አዛውንት መታወቂያውን ይዞ ከመጣ እንመዘግበዋለን፤ ገንዘብ ለሌለው መዋጮውም ይቀርለታል። ግን ማን መጥቶ ይጠይቃል? ሁሉም ከወደቀ በኋላ ነው የሚመጣው።”

ኢንስፔክተሩ መስኮቱ ላይ እጁን እንዳስደገፈ ቀረ። እናቱ ስንት ጊዜ ነበር የጠየቀችው? ሳጅኗ “እንሂድ?” ስትለው ነው የነቃው።

*

መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም ገና ልጅ እግር ነው። ከበሩ ውጭ ያለው ሰልፍ ኮሪደሩን ሞልቶ ደረጃው ላይ ደርሷል። የታላቅየዋን ስም ሲነግሩት ኮምፒውተሩን ሳያይ አስታወሳቸው።

“የሚስሉት እናት? አዎ፤ መለኪያው እምቢ ያለኝ ናቸው።”

“ምን መለኪያ?”

“ይቺ ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋ፣ የኦክስጅኗ። የግራ እጃቸው ጠቋሚ ጣት ጫፉ ደንድኗል፤ በመርፌ የተወጋጋ ነው የሚመስለው። አላነብ አለችኝና ወደ ትንሿ ጣት አዛወርኳት። ‘ጣቴ እንደ ባለቤቱ ግትር ነው’ ብለው አሳቁኝ። ሳቁ ሳል ሆነና አላቆም አላቸው።”

ሳጅኗና ኢንስፔክተሩ ተያዩ። ስልክ አገናኝ በመርፌ አይወጋም።

“የማይስማማዎት መድኃኒት አለ ብለህ ጠይቀሃቸው ነበር?” አለ ኢንስፔክተሩ።

“ጠይቄያለሁ እንጂ!” ወጣቱ ሐኪም ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። “በልጅነታቸው ፔኒሲሊን ተወግተው ሊሞቱ እንደነበር ነገሩኝ። ግን የካርዱን ቁጥር አስገብቼ ፋይሉን ሳይ ባለፈው ዓመት እዚሁ ተወግተዋል፤ አንዳች ችግር አልገጠማቸውም። ‘እማማ፣ እዚህ እኮ ተወግተው ደህና ነበሩ ይላል’ አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ‘ይቅርታ ልጄ፣ እርጅና ነው። ያች እህቴ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም’ አሉኝ።” ፊታቸውን አይቶ ድምፁ ሳሳ። “ምን ሆኑ? ደህና አይደሉም?”

ሳጅኗ በሩን ከፈተች። ውጭ በሰልፉ ያሉት አሮጊትና ሽማግሌዎች ካርዳቸውን በእጃቸው ይዘው በሩን ያያሉ።

*

ታላቅየዋን ያገኟቸው የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጠው ነው። እጅጌ የጎደለውን ሸሚዝ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል።

“የማን እንደሆነ አላውቅም” አሉ። “ልጁ ለትምህርት ቤት ይፈልገዋል። እኔ ደግሞ መርፌ ክር ማግባት አልችልም።”

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። “እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ።”

ግራ ተጋብተው ዘረጉለት። የጠቋሚ ጣታቸውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ለስላሳ ነበር፣ የሕፃን ጣት። ምን እንደሚፈልግ ገባቸውና እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡት።

“ሐኪም ቤት የሄዱት እርስዎ አይደሉም።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ሳጅኗ በሩ ላይ ቆማ እስክሪብቶዋን አላወጣችም።

“እማማ፣ የወንድምዎ ልጅ ታስሯል። አልሰሙ እንደሆነ ልንገርዎት፤ ታክሲዋን ሽጦ ለልብዎ መድኃኒት ገዝቶ፣ ሌሊት ጆንያ ሲሸከም የከረመ ልጅ ነው። እርስዎ ‘የኔ መድኃኒት ነው፣ ተሳስታ ወሰደችው’ እስካሉ ድረስ፣ መድኃኒቱን ያመጣ እሱ ነውና ገዳይ ይባላል። እኔ የማውቀውን መጻፍ እችላለሁ፤ ፈርመው ካላረጋገጡልኝ ግን አዛዤም ዐቃቤ ሕግም አይሰሙኝም።”

“ብናገር ካርዴ ይሄዳል።”

“ይሄዳል።”

“ያለ እሱ ልቤ ስንት ጊዜ ይቆያል?”

አሮጊቷ ሸሚዙን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት። ኢንስፔክተሩ ሊያስቸኩላቸው አልሞከረም።

“ታክሲዋን ሸጣት?” አሉ በመጨረሻ። “እኔ ደግሞ መድኑ የሸፈነው መስሎኝ ሐኪሞቹን ስመርቅ።” እንባቸው ሳያስታውቅ ወረደ። “ይሁን፣ ይጻፉ። ልጄን ያውጡልኝ።”

ሳጅኗ እስክሪብቶዋን አወጣች።

“ከጀመርነው ቆይቷል። የካርዱ ፎቶ የድሮ ነው፤ መልካችንም አንድ ነው፤ ማንም አይለይም። ስትታመም ካርዴን እሰጣታለሁ፤ ስሜን ተሸክማ ትሄዳለች። እሷ መዋሸት አታውቅም። ስለዚህ በር ላይ ሁልጊዜ እነግራታለሁ። ‘አንቺ እኔ ነሽ። ሐኪሙ ከፋይሉ የሚያነበውን እሺ በይ። ፋይሉ የሚለውን በይ፣ የራስሽን አትጨምሪ።’” የሸሚዙን አንገት አስተካከሉ። “ፔኒሲሊን እንደማይስማማት አውቃለሁ። በልጅነታችን ተሸክሜያት የሮጥኩ እኔ ነኝ። ግን እኛ የምናውቀው መርፌውን ነው። መርፌ ካላዘዙላት ምን ቸገረኝ አልኩ። ካፕሱል ሆኖ ይመጣል ብዬ በምን አባቴ ልጠርጥር? በገዛ እጄ ውሃ ቀድቼ አዋጥኳት። ከዚያ ሄጄ ተኛሁ።”

ሸሚዙን ከጭናቸው አንስተው መኪናው ላይ መለሱት።

“ስትታነቅ ጠርታኝ ይሆናል” አሉ። “በስልክ የስንቱን ጥሪ አንስቼ የእሷን አልሰማሁም።”

ሳጅኗ ፊቷን ወደ ዝናቡ መለሰች። ኢንስፔክተሩ የተጻፈውን አነበበላቸው፤ እሳቸውም ፈረሙ። ልጁ ዛሬውኑ እንደሚፈታ ነገራቸው። እሳቸው ግን በራሳቸው ላይ ክስ ይኖር እንደሆነ አልጠየቁም።

ሊወጣ ሲነሳ እጅጌውን ያዙት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በአንቱታ ሲያናግሩት የቆዩት ሴት አሁን ልክ እንደ ልጃቸው ቀና ብለው አዩት።

“አንድ ነገር ንገረኝ። ቢሮው ሄጄ ‘ለእህቴ ምን ይሻላታል?’ ብዬ ለመጠየቅ ስንቴ ከበሩ ደርሼ ተመለስኩ። ብጠይቅ ይነቃብኛል ብዬ ፈራሁ። አንተ ሄደህ ጠይቀሃል አይደል? ሌላ መንገድ ነበረን?”

ኢንስፔክተሩ ጉንፋን የያዛትን ሠራተኛ አስታወሰ። መታወቂያ ይዞ መምጣት ብቻ ነበር። ይህን በቀሪ ዕድሜያቸው ሁሉ ተሸክመው ከሚኖሩ፣ እሱ ቢሸከመው ይሻላል ብሎ ቆረጠ።

“አልነበረም እማማ” አላቸው። “ምንም መንገድ አልነበረም።”

እጅጌውን እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ፤ በሩቅ መስመር ያለ ሰው የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ለቀቀው።

“እሺ ልጄ” አሉ። “ሰማሁህ።”

ኢንስፔክተሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ተቀመጠ። ስልኩን አወጣ። እናቱ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

“እማዬ፣ መታወቂያሽ የት ነው ያለው?”

“ምነው? ምን ሆንክ? ድምፅህ ምን ሆኗል?”

“ምንም አልሆንኩም” አላት። “ሻርፕሽን ልበሽ። አሁን እየመጣሁ ነው።”